ክፍላችሁን ወደ ቨርቹዋል ዓለም ከማዛወራችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። እሷም እንደኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምታስተምረው። ትምህርት ክፍሏ 20 የቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) መነፅር፣ ማለትም ዓይን ላይ ሲጠለቅ በኮምፒውተር በተሠራ ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ ያለን የሚያስመስል መሣሪያ ሊገዛ ነው፤ እሷም በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ኮርሷን ሙሉ በሙሉ ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ እንድትሰጥ ተጠይቃለች። "አንተ ሁለቴ ሞክረኸዋል፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዋናውን ነገር በደንብ እንዳልነገርኳት ተሰማኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። እሷም ታነበዋለች፣ ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበላችሁም ታነቡታላችሁ።

የማስተምረው ኤፒዲሚዮሎጂ ነው። በሽታ ማንን፣ የት፣ መቼ እና ለምን እንደሚይዝ የሚመረምር ትምህርት ነው። ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ መጀመሪያ ያስተማርኩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያኔ መነፅር የለም፤ ኮምፒውተር ላይ አቫታር (ስክሪኑ ላይ እኛን የሚወክል ምስል) እያንቀሳቀስን ነበር። ሁለተኛው በ2022 ነው፣ መነፅር አጥልቀን። ሁለቱንም ጊዜ በሙሉ ልቤ ነው የገባሁበት። ማንም አላስገደደኝም። ቅዳሜና እሁዴን፣ የማታ እንቅልፌን ሰጥቼበታለሁ። የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ቨርቹዋል ዓለም ለአንዳንድ ልምምዶች ይጠቅማል፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መኖሪያው እዚያ ይሁን የሚለውን ግን አልቀበልም።

የ2009ን ሙቀት ለማታስታውሱ ትንሽ ልበል። ሊንደን ላብ የተባለው ኩባንያ ሰከንድ ላይፍ የሚባለውን ቨርቹዋል ዓለም የከፈተው በ2003 ነው። ሰው አቫታር ይፈጥራል፣ መሬት ይይዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ይገበያያል። በ2006 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤቱ ፕሮፌሰር ቻርልስ ኔሰን ከልጁ ከርብቃ ኔሰን ጋር አንድ ኮርስ እዚያ ውስጥ ሰጠ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች እዚያ ውስጥ ደሴት (የራሳቸው ቨርቹዋል መሬት) መያዝ ጀመሩ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሠሩት የራሳቸውን ግቢ የሚመስል ግቢ ነው፤ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ በሩ ላይ አርማ። እኛም በአንዱ ቨርቹዋል ዓለም ውስጥ ቦታ ተከራየን። የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም፤ የምለው ነገር ሁሉንም ይመለከታልና።

ሐሳቤ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኤፒዲሚዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ሁሉ የጆን ስኖውን ታሪክ ሳይነካ አያልፍም። በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ የሚባለው ሰፈር ኮሌራ ገባበት። በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታው በገማ አየር ይተላለፋል ብሎ ነበር የሚያምነው። ስኖው ግን ውሃው ነው አለ። ከመዝገብ ቤት የ83 ሟቾች ዝርዝር ወሰደ። እያንዳንዱ የት እንደኖረ፣ ውሃ ከየት እንደቀዳ አጣራ። ከ10ሩ በስተቀር ሁሉም የሞቱት ብሮድ ስትሪት ላይ ባለው ፓምፕ አካባቢ ነው። የ10ሩን ሲጠይቅ ደግሞ የ5ቱ ቤተሰቦች "እኛ ሁልጊዜ የምናስቀዳው ከዚያው ነው" አሉት። ሴፕቴምበር 8 ቀን ውሃ እንዳይቀዳበት የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

ታዲያ ተማሪዎቼ ይህን ከስላይድ ላይ ከሚያነቡ ሰፈሩ ውስጥ ቢመላለሱስ? በር እያንኳኩ፣ የቤቱን ሰው እየጠየቁ፣ ሞቱን እየመዘገቡ። ከአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ሆነን ሰፈሩን ለመሥራት ሦስት ወር ፈጀብን። ፓምፑን ሠራን፣ ቤቶቹን ሠራን፣ የቢራ ፋብሪካውን ሠራን። በየበሩ ላይ ሲነኩት የቤቱን ታሪክ የሚያወጣ ሰሌዳ ሰቀልን። አመሻሹ ላይ መብራቱ ሲበራ ያምር ነበር፤ ብቻዬን ገብቼ የዞርኩባቸው ምሽቶች አሉ።

28 ተማሪ ነበሩኝ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። በጠቅላላ 24 ሰዓት ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት አካውንት በመክፈት አለቀ። ሁለተኛው መራመድ በመማር። አንዱ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቃተው። አንዷ ጣራ ላይ ወጥታ "መምህር፣ እንዴት ነው የምወርደው?" ብላ ትጽፋለች። የሦስት ተማሪዎች ላፕቶፕ ግራፊክሱን አልቻለውም፤ እኔ ሦስት ወር የለፋሁበት ሰፈር ለእነሱ ግራጫ ሳጥን ብቻ ነበር። የአራት ልጆች ድምፅ አይሰማም። የአንዱ ደግሞ ማይኩን ስለማይዘጋ እቤቱ የተከፈተው ቴሌቪዥን ለሁላችንም ይሰማል። አንድ ቀን ከየት መጣ ሳይባል የማናውቀው አቫታር እየበረረ መጥቶ መሐላችን ቆመና ይሰድበን ጀመር፤ እሱን እስክናስወጣ ድረስ 20 ደቂቃ ሄደ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማስታወሻዬን ገልጬ ደመርኩት። ከ24ቱ ሰዓት 7ቱ ያለቁት ስለ ፕሮግራሙ በማውራት ነው። 7 ሰዓት ማለት ለእኔ ሦስት ሙሉ ምዕራፍ ነው። እነዚያን ምዕራፎች ያ ባች ሳይማራቸው ተመረቀ።

ይህንን ሳነሳ "አሁን እኮ ቀሏል" የሚሉኝ አሉ። ቀሏል፣ እውነት ነው። ግን በ2022 መነፅሩን ስናጠልቅም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች የሄዱት በዚያው ነው። መነፅሩን ማዘመን፣ ማሰሪያውን ማስተካከል፣ ዋይፋዩ 20 መነፅር በአንዴ ሲገናኝበት መውደቁ፣ ቻርጅ ያለቀበት። መሣሪያው በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ትምህርቱ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

የቴክኒኩ ችግር ግን ትንሹ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር።

መጀመሪያ ስለ ፊት ልናገር። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ግማሹን ሥራ የሚሠራልኝ የተማሪዎቼ ፊት ነው። አንድ ስሌት ሳስረዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ ግንባሯ ከተቋጠረ ቆም እልና በሌላ ምሳሌ እመለሳለሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ልጆች ተያይተው ትከሻቸውን ከነቀነቁ፣ ያጣኋቸው እዚያች ደቂቃ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ የነበረን አቫታር ግን ግንባሩ አይቋጠርም። ቢገባውም ባይገባውም ፊቱ ያው ነው። አዳራሽ ሠርተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ስላይድ ሰቅለን (ለማይደክመው አቫታር ወንበር ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ራሴን ብጠይቅ ጥሩ ነበር) 28 ፈገግ ያሉ ፊቶች እያዩኝ ሳስተምር ከቆየሁ በኋላ፣ "ጥያቄ አለ?" ስል ዝም። እኔ ደግሞ ገባቸው ብዬ አልፋለሁ። እኛ በነበርንበት ዓለም ሰውየው ለትንሽ ደቂቃ ኪቦርድ ካልነካ አቫታሩ አንገቱን ይደፋ ነበር። ያቺ አንገት መድፋት ብቻ ነበረች ምልክቴ። ተማሪዎቹም ቶሎ ነቁባት፤ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ቁልፍ ነካ አድርገው ወደ ሌላ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም ተማሪ ብሆን አደርገው ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ቀን ደረሰ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ልጆቹ በግሩፕ በግሩፕ ሆነው በሩን ሲያንኳኩ፣ ሲሯሯጡ፣ ሲጠራሩ ሳይ ድካሜ ሁሉ ጠፋ። ዲኑ ገብቶ አየ፤ ፎቶ ተነሳ። መጨረሻ ላይ ባስሞላኋቸው መጠይቅ ሁሉም ማለት ይቻላል "ወድጄዋለሁ" ብለዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሰጠሁ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ በሽታው ከአየሩ ይልቅ ከውሃው እንደመጣ የሚያሳዩትን ማስረጃዎች ዘርዝሩና እያንዳንዱ ለምን ማስረጃ እንደሚሆን አስረዱ።

ሁሉም ፓምፑን ጽፈዋል። ብዙዎቹ ሰፈሩን በዝርዝር ገልጸዋል፤ የቢራ ፋብሪካው በር የት ጋ እንዳለ፣ መንገዱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ። ነገር ግን የፋብሪካው ከ70 በላይ ሠራተኞች ለምን እንደተረፉ (ቢራ ስለሚሰጣቸውና ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድ ስላለው ነው) ከተማሪዎቹ ውስጥ በትክክል ያስረዳው ግማሽ አይሞላም። ከሁሉም የሚበልጠውን ማስረጃ ደግሞ ከ28ቱ የጻፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ማስረጃው ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት ናት። ሃምፕስቴድ ከሶሆ ሩቅ ነው፣ በዚያን ወቅት ኮሌራም አልገባበትም። ሴትየዋ ግን ቀድሞ ብሮድ ስትሪት ኖራለች፣ የፓምፑን ውሃ ጣዕም ስለምትወደው በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበር። ያንን ውሃ ጠጣችና ሞተች። ልትጠይቃት የመጣችው የወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅም ጠጥታ ሞተች። አየሩን ሳይተነፍሱ፣ ውሃውን ብቻ ጠጥተው። ከዚህ የጠራ ማስረጃ የት ይገኛል?

ለምን አልጻፏትም? መልሱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ሴትየዋ ሰፈሬ ውስጥ የለችም። የተከራየነው ቦታ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ሃምፕስቴድ አይገባበትም። እሷን በአንድ ስላይድ ነበር ያለፍኳት። ልጆቹ ልባቸው የነበረው መንገዱ ላይ ነው።

ነገሩን ሳሰላስለው ሌላም ነገር ታየኝ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ነው የሚያየው። የ1854ቱ ነዋሪዎችም በዚያ መንገድ በየቀኑ ይመላለሱ ነበር፤ ሬሳ ሲወጣ ያያሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ነገሩ ግን አልተገለጠላቸውም። ስኖው በር አንኳክቷል፣ ግን ያንኳኳው ዝርዝር ይዞ ነው፤ ከዝርዝሩ የወጣ ጥያቄ ነበረው። ታዋቂውን ካርታ የሳለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው፣ ያየውን ለሌሎች ለማሳየት። እኔ ሦስት ወር ለፍቼ ያደረግኩት ተማሪዎቼን ማንም ምንም ያላየበት ቦታ ላይ መልሼ ማቆም ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምናስተምረው አብዛኛው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ሠንጠረዥ፣ ቀመር፣ ካርታ፣ የሕግ አንቀጽ፣ የክርክር አካሄድ፤ ሁሉም ሰው ከነገሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ጠቅላላውን እንዲያየው የተፈጠሩ ናቸው። የቨርቹዋል ዓለም ጉልበት ደግሞ ሰውን ነገሩ ውስጥ መክተት ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ይሻማዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ሰፈሩን ተውኩት። የሶሆን ካርታ በትልቅ ወረቀት አሳተምኩ። አምስት አምስት ሆነው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። የሟቾቹን ዝርዝር እና ቀያይ ተለጣፊ ነጥቦች ሰጠኋቸው። "ለጥፉና ምን እንደምታዩ ንገሩኝ" አልኳቸው። አንዷ ልጅ የሃምፕስቴዷን ሴትዮ ነጥብ ጣቷ ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች። "መምህር፣ ይቺ ካርታው ላይ የለችም። የት ልለጥፋት?" "የት ይመስልሻል?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ክንዷን ዘርግታ ከወረቀቱ ውጪ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈቻት። ይሄኔ አጠገቧ የነበረው ልጅ "ቆይ ቆይ፣ እዚህ ካልኖረች ታዲያ በምን ያዛት?" አለ። ሌሎቹም ጠረጴዛዎች ሥራቸውን ትተው ዞር አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። እርስ በርስ እየተከራከሩ ደረሱበት። ከመጀመሪያው ነጥብ እስከዚያ ድረስ 50 ደቂቃ ነው የፈጀው። የዚያ ዓመት ፈተና ላይ ሴትየዋን ያልጻፏት ጥቂቶች ናቸው።

ይህ የአንድ አስተማሪ የሁለት ዓመት ገጠመኝ ነው፤ ጥናት አይደለም። በጥናት ደረጃ ከእኔ ገጠመኝ ጋር የሚቀራረብ አንድ አለ። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው ጊዶ ማክራንስኪ እና ባልደረቦቹ በ2019 ያሳተሙት ነው። 52 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓይነት የላብራቶሪ ሲሙሌሽን አንዴ በኮምፒውተር ስክሪን፣ አንዴ በቪአር መነፅር ሠሩ። በመነፅሩ ጊዜ "እዚያው ያለሁ መሰለኝ" የሚለው ስሜት በጣም ጨመረ፣ የተማሩት ግን ቀነሰ። የአንጎላቸውን ሞገድ ሲለኩም ጭንቅላታቸው ከአቅም በላይ እንደተጨናነቀ አዩ። በዚህ ጥናት ብቻ ነገሩ ተቋጨ አልልም። ግን "ወደዱት" የሚለውን መጠይቅ እንደ ማስረጃ ለሚያቀርብላችሁ ሰው አሳዩት። መውደድና መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም ለየብቻ ይለኩ።

አሁን ወደ 2022 ልምጣ። ፌስቡክ ስሙን ሜታ ያለው በ2021 ኦክቶበር ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና "ሜታቨርስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ወሬ ሞቀ፤ ሜታቨርስ ያሉት ያንኑ ቨርቹዋል ዓለም ነው። የሰማሁት ቃል ሁሉ ከ13 ዓመት በፊት የሰማሁት ነበር። ሆኖም መሣሪያው ሌላ ነው ብዬ እንደገና ገባሁ።

ማንም ቀድሞ ያልነገረኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መነፅር ያጠለቀ ተማሪ ማስታወሻ መያዝ አይችልም። እስክሪብቶውን አያየውም፣ ደብተሩንም አያየውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስተምሩ ልጁ አንድ መስመር አይጽፍም። ከወረቀት ላይ አንቀጽ አንብቦ "እዚህ ጋ የሚለው እኮ" ብሎ መከራከርም የለም። ያለ ንባብና ያለ ጽሕፈት የዩኒቨርሲቲ ክፍል ምን ይቀረዋል? እኔ ይህንን ያወቅኩት ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ተማሪ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ገፍቶ፣ በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ሲሞነጫጭር ሳየው ነው።

ሌላው ማዞሩ ነው። ዓይን "እየሄድኩ ነው" ይላል፣ ውስጠኛው ጆሮ ደግሞ "ቁጭ ብያለሁ" ይላል፤ ሰውነት በዚህ መሐል ይታወካል። ሁሉንም እኩል አይነካም። ከክፍሌ ውስጥ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ ከ10 ደቂቃ በላይ አትችልም። መነፅሩን ታወልቃለች፣ ፊቷ ይገረጣል፣ ጥግ ላይ ሄዳ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሌሎቹ መነፅር አጥልቀው እጃቸውን ሲያወናጭፉ እሷ በባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እንዳለች ሆና ትጠብቃለች። ያንን ምስል እስከዛሬ አልረሳውም። ከፍላ ለትምህርቷ የመጣች ልጅ ናት፤ እኔ ባመጣሁት ዕቃ ምክንያት ከራሷ ክፍል ውጪ ሆነች። ዓይነ ስውር ተማሪ ሲኖራችሁ ደግሞ ይብሳል። ጽሑፍ ከሆነ ስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ያነብለታል። ከእይታ የተሠራን ሰፈር ማን ያነብለታል?

ስለ መረጃም ማሰብ አለባችሁ። መነፅሩ የራስንና የእጅን እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ ይመዘግባል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ 511 ሰዎችን ከ5 ደቂቃ ባነሰ የእንቅስቃሴ መረጃ ብቻ በ95 በመቶ ትክክለኛነት መለየት ተችሏል። ስም ሳይጠየቅ፣ ከእንቅስቃሴያቸው ብቻ። ተማሪ በፈቃዱ ቢጫወትበት የራሱ ጉዳይ ነው። ለመመረቅ የሚያስፈልገውን ኮርስ ለመውሰድ ይህንን ስጥ ማለት ግን ሌላ ነው።

እና ደግሞ መሬቱ የእናንተ አይደለም። በ2010 ኦክቶበር ሊንደን ላብ ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን የ50 በመቶ ቅናሽ ከ2011 ጀምሮ እንደሚያነሳ አስታወቀ። ቅናሹ በ2013 ተመልሷል፣ ግን በመሐል ስንቱ ነቅሎ ወጥቷል። ጉግል ላይቭሊ የሚባል ቨርቹዋል ዓለም በ2008 ጁላይ ከፍቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘጋው። የማይክሮሶፍት አልትስፔስ ቪአር በ2023 ማርች ተዘጋ። ሞዚላ ሃብስ በ2024 ሜይ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ክፍላቸውን የሠሩ አስተማሪዎች ነበሩ። የእኔ ብሮድ ስትሪትም ዩኒቨርሲቲው ኪራዩን ሲያቆም ጠፋ። የሦስት ወር ሥራ ነው፤ ዛሬ በእጄ ያለው ስድስት ፎቶ ነው። የወረቀቱ ካርታ ግን አሁንም ቢሮዬ ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ በየዓመቱ አወጣዋለሁ።

የጠቀመኝንም ካልነገርኳችሁ ትክክል አይሆንም። በ2022 ከሞከርኳቸው ውስጥ አንዱ በደንብ ሠርቷል፤ የመከላከያ ልብስ አለባበስና አወላለቅ። ተላላፊ በሽታ ያለበት ክፍል ገብቶ የወጣ ባለሙያ ጓንቱን፣ ጋውኑን፣ የፊት መሸፈኛውን በቅደም ተከተል ካላወለቀ ራሱን ይበክላል። ብዙው ስህተት የሚሠራው ሲያወልቁ ነው። በመነፅሩ ውስጥ የተበከለው ቦታ በቀለም ይታያል፤ ልጁ በተበከለ ጓንት ፊቱን ከነካ ወዲያው ያየዋል። አንድ ተማሪ በ15 ደቂቃ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ በእውነተኛ ልብስ ቢሆን ይህን ያህል ጋውን ማን ይሰጠናል? ጓንቱ ሲላጥ የሚሰማው ስሜት እዚያ ውስጥ ስለሌለ፣ መጨረሻ ላይ በእውነተኛ ጓንት አስደግሜያቸዋለሁ። ግን እስከዚያ ድረስ ቅደም ተከተሉ በእጃቸው ገብቷል።

ልዩነቱን አያችሁት? እዚህ ትምህርቱ ራሱ አካልና ቦታ ነው። ሰውነት የት እንደቆመ፣ እጅ ምን እንደነካ። ከቨርቹዋል ዓለሙ አውጥተህ በወረቀት አስተምረው ብትሉኝ አልችልም። የኮሌራውን ትምህርት ግን ከቨርቹዋል ሰፈሩ ሳወጣው የተሻለ ሆነ። ስለዚህ ባልደረባዬ እንደገና ብትደውል የምላት ይህንን ነው፦ የምታስተምሪውን ነገር ከዚያ ዓለም አውጥተሽ በወረቀት፣ በሰሌዳ ወይም በተራ የቪዲዮ ጥሪ አስቢው። ምንም ካልጎደለበት አታስገቢው።

"የርቀት ተማሪዎችስ?" ትሉኝ ይሆናል። በ2009 አንዲት ከሩቅ የምትማር ሴት "ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ" ብላ ጽፋልኛለች፤ ቃሏን በክብር ነው የያዝኩት። ነገር ግን በኋላ የርቀት ተማሪዎችን አራት አራት አድርጌ፣ በሳምንት አንድ ቀን በድምፅ እየተገናኙ አንድ ሰነድ ላይ አብረው እንዲሠሩ ሳደርግ ያንኑ ነገር ነገሩኝ። የፈለጉት ሰው ነበር፤ ለዚያ ደሴት አላስፈለገም።

መግባታችሁ የማይቀር ከሆነ ደግሞ፣ አለቃችሁ ወስኗል፣ መነፅሩም ተገዝቷል እንበል፣ ሙሉ ኮርስ አታዛውሩ። አንድ ወይም ሁለት ልምምድ ምረጡ፣ እያንዳንዳቸው ከ20 ደቂቃ አይብለጡ። ክፍላችሁ ውስጥ ባለው ደካማ ኮምፒውተርና ደካማ ኢንተርኔት ላይ እናንተ ራሳችሁ ሞክሩት፤ በቢሮው ምርጥ ኮምፒውተር ላይ የተሞከረ ነገር አይታመንም። ለሚያዞረው ተማሪ፣ ለማያይ ተማሪ፣ መረጃዬን አልሰጥም ለሚል ተማሪ እኩል ውጤት የሚያስገኝ ሌላ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን አዘጋጁ፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳም አትጠይቁት። መጠይቁን ከማስሞላታችሁ በፊት ፈተና ስጡ። ስለ ፕሮግራሙ የጠፋውን ደቂቃ በየቀኑ መዝግቡ፤ ሪፖርት ስትጽፉ ያ ቁጥር ይግባ፣ ዲኑ የሚያየው ፎቶ ብቻ መሆን የለበትም። የሠራችሁትን ነገር ከዚያ ዓለም አውጥታችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። አይቻልም ከተባላችሁ ሦስት ወር አትስጡት፤ ሦስት ቀን ይበቃዋል።